ጆሮው ያረፈበት ክረምት

ሳላገባ ጣውንት ነበረችብኝ። ያውም ሰው አይደለችም፤ ቡናማ የቆዳ ልብስ ለብሳ፣ አንቴናዋን ቀስራ የምትውል ሬዲዮ ናት። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔ ግን በስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ክረምት፣ እዚሁ መካነ ሰላም ላይ፣ በእሷ የተነሳ እርር ድብን ብዬ ከርሜያለሁ።

የሬዲዮዋ ባለቤት አድማሴ ይባላል፤ የትምህርት ቤት አስተማሪ ነው። አገሩ ከቆቦ ወዲያ ነው። የሚኖረው እትዬ ፈንታዬ ግቢ ተከራይቶ ነበር፤ የእሳቸውን ግቢ ከእኛ የሚለየው አንድ ያረጀ የክትክታ አጥር ብቻ ነው። እኔ አልጣሽ፣ የመሪጌታ ወልደ ገብርኤል ልጅ፣ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ፣ ምላሴ ከእጄ የሚፈጥን ልጅ ነበርኩ። ልብስ ላሰጣ ስወጣ ያየኛል፤ ፊቱን ሲታጠብ አየዋለሁ። መጀመሪያ ሰላምታ ሆነ፣ ቀጥሎ ሳቅ ሆነ፣ ቀጥሎ እትዬ ፈንታዬ «አንቺ ልጅ፣ ያንቺና የአባትሽ ልብስ ነው ይኼ ሁሉ ወይስ የአገሩን ታጥቢያለሽ?» ብለው እስኪያሾፉብኝ ድረስ ስወጣ ስገባ ዋልኩ።

ሰኔ ሲገባ ግን ሰውየው ተለወጠ። አጠገቤ ቆሞ አጠገቤ የለም። «አድማሴ» ስለው «ቆይ፣ ቆይ፣ ዜና ጀመረ» ይለኛል። ሬዲዮዋን ትከሻው ላይ አድርጎ ጆሮውን ይለጥፍባታል። እርግጥ ጊዜው የሬዲዮ ጊዜ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ወታደሩ ተነስቷል፤ የትልልቅ ሰዎች ስም በየቀኑ እየተጠራ እጃችሁን ስጡ ይባላል፤ የከተማው ሰው ሁሉ እየመጣ አጥራችን ሥር ተኮልኩሎ ያዳምጣል። ሌላው ሰው ግን ዜናው ሲያልቅ «አጃኢብ ነው!» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አድማሴ አይሄድም። ሰልፉን፣ ሙዚቃውን፣ የእህሉን ዋጋ፣ የማያውቀውን ቋንቋ ሳይቀር ይሰማል። የባትሪው ድንጋይ ሲደክምበት፣ ክረምት ነውና ፀሐይ የለም፣ ትኩስ አመድ አጠገብ አስቀምጦ እንደታመመ ጫጩት ያሞቀዋል። እኔን እንዲያ አሙቆኝ ቢሆን!

ይኼም ሆኖ እወደው ነበር፤ እሱም ይወደኝ ነበር። ሰኔ ላይ አብረውት የሚያስተምሩትን ሁለት መምህራን ሽማግሌ አድርጎ አባቴ ዘንድ ላከ። አባቴ በክብር ተቀብለው፣ በክብር መለሷቸው።

«እናንተን አከብራለሁ» አሉ። «ነገር ግን እናንተ የሥራ ጓደኞቹ ናችሁ። ዘመዱ የታለ? እናቱ ትምጣ፣ የእናቱ ወንድም ይምጣ። ወላጅ እያለ ባዳ ልኮ ልጅ መጠየቅ ነውር ነው።»

አባቴ «ነውር» ካሉ አለቀ። ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በጉልበትም በልመናም አይመለስም።

ይኼንን ለአድማሴ ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። «ይመጣሉ» አለኝ፣ ዓይኑን ከዓይኔ ሸሽቶ። «ክረምቱ ይውጣ። መንገዱ ሲከፈት ይመጣሉ።» ይኼንንም ሲል እጁ የሬዲዮዋን ቁልፍ ይፈልግ ነበር። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አጅባር ከተማ ያለ አንድ እህል ነጋዴ ለልጁ ለአምባቸው ሽማግሌ ላከ። ከነዘመዱ፣ ከነአጎቱ፣ ከነንስሐ አባቱ። አባቴ «ለፍልሰታ በዓል ኑ፤ ያን ጊዜ ቁርጡን እነግራችኋለሁ» ብለው ቀጠሮ ሰጡ። እኔ ይኼን ሁሉ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ።

በማግስቱ አጥሩ ሥር ጠበቅኩት።

«ስማኝ አድማሴ» አልኩት። «ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። ፍርድ ቤቱ ተዘግቷል። ወንዙ መንገዱን ዘግቷል። ገበሬው እንኳ ዝናቡ ሲበረታ ሞፈሩን ሰቅሎ እሳት ዳር ይቀመጣል። አገር የሚያርፍበት ጊዜ ነው። ያላረፈው ያንተ ጆሮ ብቻ ነው። ዓይንህ ደም መስሏል፤ ከሰው ጋር አትጫወትም፣ እህል አትበላም። ፍልሰታን ሁላችንም ልንጾም ነው። ጆሮህን አብረህ አስጹመው።»

«ዜና የሚያመልጠኝ ይመስለኛል» አለ ቀስ ብሎ።

«ዜናው ያለአንተም ይነገራል። እኔ ነኝ የማመልጥህ።»

ይኼን ስለው ቀና ብሎ አየኝ። ከሰኔ ወዲህ እንደዚያ አላየኝም ነበር። ሄደና ሬዲዮዋን በጋቢው ጠቅልሎ አመጣት፤ በአጥሩ ቀዳዳ አሻግሮ እጄ ላይ አስቀመጣት። «ጾሙ እስኪፈታ አንቺ ጋ ትሁን» አለኝ። ያን ዓመት ጎታችን ግማሹ ባዶ ነበር፤ ከጤፉ በላይ ባለው ባዶ ቦታ ጣውንቴን አስገብቼ ከደንኩባት። ልቤ እንዴት ደስ እንዳላት!

የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ማር ነበሩ። ከቅዳሴ ስንመለስ አብረን እንሄዳለን፤ እሱ በዚያ በኩል፣ እኔ በዚህ በኩል፣ መሃላችን አገር ምእመን። አንድ ቀን በረዶ ጥሎ ሲያባራ እፍኝ ሙሉ ዘግኖ በአጥሩ አቀበለኝ፤ እጄ ላይ ቀልጦ እስኪያልቅ ዝም ብለን አየነው። ሌላ ቀን ደግሞ ሥራ የፈታ እጅ አያርፍምና መዶሻና ልጥ ይዞ የአጥሩን ቀዳዳ መጠገን ጀመረ።

«ኧረ ባክህ ተው!» አልኩት። «የት ልናወራ ነው?»

ሳቀ። ጮክ ብሎ ሳቀ። ያን ሳቅ ስሰማ አባቴ የፈለጉትን ይበሉ፣ የአጅባር ሽማግሌ በበቅሎም በአውቶቡስም ይምጣ፣ ይኼ ሰው የእኔ ነው አልኩ።

አንድ ነገር ብቻ ቅር ይለኝ ነበር። ዓይኑ ያው ቀይ ነው። «ትተኛለህ?» ስለው «ጸጥ ሲል ይብስብኛል» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። የዋህ ነኝና ስለ እኔ የሚጨነቅ መሰለኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ገዝቼ ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። በዋናው መንገድ ያለው ሻይ ቤት መስኮት ሥር፣ ጣራ በሌለበት፣ ዝናቡ እየወረደበት አንድ ሰው ቆሟል። ከውስጥ የሻይ ቤቱ ሬዲዮ ይናገራል። ሰውየው ጆሮውን መስኮቱ ላይ ለጥፏል። ኮቱን ሳየው አወቅኩት።

«አድማሴ!»

ደንግጦ ዞረ። ውኃው ከፀጉሩ እየተንጠባጠበ ፊቱ ላይ ይወርዳል።

«ቃልህ ይኼ ነው? ለእኔ ብለህ አንዲት ፍልሰታ መታገሥ አቃተህ?»

«አልጣሽ፣ ስለ ወሎ ረሃብ ሊናገሩ ነው አሉ። የየአገሩን ስም ይጠራሉ ብለውኝ...»

«የየአገሩ ስም! ያንተ አገር ስም እንኳን በሬዲዮ በአፍህም ተጠርቶ አያውቅ! ዘመዶችህ የታሉ? መቼ ነው የሚመጡት? ክረምት ይውጣ፣ መንገድ ይከፈት ትላለህ። የአጅባሮቹ መንገድ ተከፍቶ ያንተ ብቻ ነው የተዘጋ? ወይስ እዚያ ሚስት አለችህ? ልጅ አለህ? ንገረኝና ልረፍ!»

ከዚያ የተናገረውን ዛሬም በጆሮዬ እሰማዋለሁ።

«እዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ሲያየኝ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል» አለኝ። «ገበያ ስገባ ወሬ ይቋረጣል። የአገሬ ሰው ሲያየኝ መንገድ ይለውጣል። ስታየኝ ድምፅዋን የማትቀንስ ያቺ ሬዲዮ ብቻ ናት።»

ጥሎኝ ሄደ። እኔ ጧፌን ደረቴ ላይ ይዤ ዝናቡ ውስጥ ቀረሁ። ተናድጄም ነበር፣ አዝኜም ነበር፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚያስለቅሰኝ አላውቅም።

ቤት ስደርስ እትዬ ፈንታዬ ደጃችን ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

«አንቺ ልጅ! ምን ብለሽው ነው? እንደበሰበሰ ገብቶ ግድግዳው ላይ ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ። ባናግረው አይሰማኝም።»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ስለ ዘመዶቹ ያልኩትን ስነግራቸው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«ዋይ! ዋይ! ምነው ምላስሽ በተቆረጠ! ኧረ የኔም ይቆረጥ፣ ዝም ብዬ የከረምኩት!» ወደ ጥግ ጎትተው ወሰዱኝ። «ግንቦት ላይ ነው። አያ አሻግሬን ታውቂዋለሽ፣ ከቆቦ በቅሎ እየነዳ የሚመጣውን፣ ወንዙ ሞልቶበት እዚሁ የከረመውን። ገበያ መሃል አድማሴን አገኘውና የአገሩ ልጅ ነውና አቅፎ ሳመው። አድማሴም ‹እናቴን አየሃት?› አለው። ‹በዚያ ሳልፍ ቤታችሁ ተዘግቶ...› ብሎ ሲጀምር እኔ አጠገባቸው ነኝ። የሚቀጥለው ገባኝ። ክንዱን ቆነጠጥኩት! መርዶ ገበያ መሃል ይነገራል? ሰው ቆሞ፣ ዘንቢል አንጠልጥሎ፣ የእናቱን ሞት ይሰማል? አሻግሬም አፉን ሰበሰበ። ‹ወፍጮ ሄደው ይሆናል› ብሎ ሸሸ።»

የአጥሩን እንጨት ያዝኩ። «እናቱ ሞተዋል?»

«ከሞቱ ቆይተዋል። በረሃቡ። ሞታቸውን አሻግሬ ኋላ ነገረኝ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገራችሁትም?»

«መርዶ የዘመድ ነዋ! ዘመዶቹ ይመጣሉ፣ ወጉን ጠብቀው ያረዱታል ብለን ጠበቅን። ዛሬ ይመጣሉ ስንል፣ ነገ ይመጣሉ ስንል ክረምቱ ገባ። መርዶውን ያልተረዳን ሰው ደግሞ እንዴት ብለሽ ‹እግዜር ያጥናህ› ትይዋለሽ?»

«ማን ማን ያውቃል?»

«የማያውቅ አለ? አንቺና አባትሽ ብቻ ናችሁ። አባትሽ ከቤተ ክርስቲያን አይወጡም። ያንቺ ፊት ደግሞ ምስጢር አይችልም፤ ያየሽ ለት ያነብብሻል ብለን ደበቅንሽ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ይኸው ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ባለቤቱ ብቻ በግማሽ ቃል ተንጠልጥሏል። እኛ ዘመዶቹን እንጠብቃለን። እሱ ደግሞ «እናቴ ሞታ ቢሆን መርዶ ነጋሪ ይመጣ ነበር፤ ካልመጣ ግን ምናልባት...» እያለ ይጠብቃል። ያቺን የቀረችውን ግማሽ ቃል ነው ከሬዲዮ ውስጥ ሲፈልግ የከረመው። እኔ ምስኪኗ ደግሞ በእሷ ቀናሁ! አባቴም ሙት አስነስተህ አምጣ ብለውት ኖሯል።

አባቴን ያገኘኋቸው ዳዊታቸውን አጥፈው እሳት ሲሞቁ ነው። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው።

«እናቱ ትምጣ አልኩ እኮ» አሉ። «እኔ ራሴ፣ በዚህ አፌ።»

ወዲያው አያ አሻግሬን አስጠሩት። አሻግሬ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ባርኔጣውን በእጁ እያሸ።

«እውነት ነው መሪጌታ። ወይዘሮ አሰጋሽን በዚህ እጄ ነው አፈር ያለበስኳቸው። ቄስ አልነበረም፤ ፍትሐትም አልተፈታላቸው። አገሩ ተበትኖ ነበር። ወንድማቸው ወደ መጠለያ ሲሄድ መንገድ ላይ ቀረ። የሚመጣ ዘመድ የለም። ይኼንን ለማን ልንገር? እኔ መንገደኛ ነኝ፤ መርዶ ነጋሪ አይደለሁም። ልጁን ባየሁት ቁጥር መንገድ እለውጣለሁ።»

እሱ ከወጣ በኋላ አባቴ እግር ሥር ተንበረከክሁ።

«አባዬ፣ መርዶውን እርስዎ ያርዱት።»

«አልጣሽ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ተለሳልሶ። «የምትጠይቂውን ታውቂዋለሽ? ዛሬ ያልተረዳ ሰው ነው፤ ቢያንስ ዘመድ ይጠብቃል ይባላል። ነገ ካረዳነው ሐዘንተኛ ነው። የእናት ሐዘን ዓመት ነው። ሐዘንተኛ ሽማግሌ አይልክም፤ ስለ ሠርግም አይነሳለትም። የአጅባሮቹ ቀጠሮ ደግሞ ደርሷል። በገዛ እጅሽ በሩን ዘጋሽው ማለት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እኔም ለሰው የሰጠሁትን ቀጠሮ አላጥፍም።»

«አውቃለሁ አባዬ። እናቴ ስትሞት ልጅ ነበርኩ፤ ግን ትዝ ይለኛል፤ አገሩ ሁሉ ከቦኝ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ፤ ከዚያ ተኛሁ። እሱ አላለቀሰም። ስላላለቀሰ አይተኛም። እኔ ለአጅባርም ልሰጥ፣ ለገደልም ልሰጥ፤ እሱ ይተኛ።»

አባቴ ጭንቅላቴ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ያ እጅ ሲከብደኝ ተሰማኝ፤ አድማሴን በራሴ አፍ ተሰናበትኩት ብዬ እንባዬ ወረደ።

ጎህ ሲቀድ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ፈንታዬ ግቢ ገባ። ዝናቡ አባርቶ ጭጋጉ መሬት ላይ ተኝቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እንዲሁ። አባቴ ፊት፣ አያ አሻግሬ ከኋላቸው፣ ሽማግሎቹ ግራና ቀኝ ቆሙ። እኔ ከሴቶቹ መሃል ነበርኩ።

አባቴ በሩን መቱ። አድማሴ ወዲያው ከፈተ፤ እንዳልተኛ ያስታውቃል። በሩ ላይ ቆሞ አየን። ከአባቴ ወደ አሻግሬ፣ ከአሻግሬ ወደተዘቀዘቀው ነጠላ ዓይኑ ሄደ። ሁሉንም ያኔ አወቀ።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉት አባቴ።

«ልቁም።»

«ተቀመጥ። የቆመ ሰው መርዶ አይረዳም።»

ተቀመጠ። አባቴ ጎንበስ ብለው ትከሻውን ያዙ።

«አድማሴ ልጄ፣ እግዜር ያጥናህ። እናትህ ወይዘሮ አሰጋሽ አርፈዋል። ይኼንን ልንነግርህ የሚገባን ግንቦት ላይ ነበር። ዘመድህ እስኪመጣ ስንል ዘገየን። የሚመጣ ዘመድ እንደሌለ ሳናውቅ ነው፤ ይቅር በለን።»

«ማን አየ?» አለ አድማሴ። ድምፁ የሕፃን ነበር።

አያ አሻግሬ ወደ ፊት መጣና መሬት ላይ ተቀመጠ። «እኔ ነኝ ወንድሜ። በነጠላቸው ጠቅልዬ፣ ከማርያም ደጃፍ፣ ከወይራው ሥር። ብቻቸውን አልነበሩም። እኔ ነበርኩ።»

«አንተ ነበርክ?»

«እኔ ነበርኩ።»

አድማሴ «እናቴ!» ብሎ ጮኸ። ያ ጩኸት ከየት እንደወጣ አላውቅም፤ ከግንቦት ጀምሮ ሲጠራቀም የከረመ ነበር። ግቢው ሁሉ አብሮ ፈነዳ። እትዬ ፈንታዬ ደረታቸውን እየመቱ መሃል ገቡና አንጎራጎሩ፦

«ደጁ ተዘግቶ አሉኝ፣ ቁልፉ የት ወደቀ፣
እናት ያለህ መስሎህ ጆሮህ ተሳቀቀ።»

ያላለቀሰ ሰው አልነበረም፤ ያን ዓመት ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው አለው። በወይዘሮ አሰጋሽ ስም እያንዳንዱ የራሱን አለቀሰ። አባቴ ፍትሐት አድርሰው ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ጉዝጓዙ ላይ ከአድማሴ ጎን ቁጭ አሉ። «አልቅስ ልጄ፣ ይውጣልህ» ይላሉ፤ ጢማቸው በእንባ ርሷል። እኔ ውኃ ሳቀብለው ዓይናችን ተገናኘ። በዚያ ሁሉ እንባ መሃል ፊቱ የቀለለ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ አንቀላፋ። እትዬ ፈንታዬ እዝን ይዞ የሚመጣውን ሁሉ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው «እሽሽ!» እያሉ በር ላይ ሲጠብቁ ዋሉ። ተኝቶ አመሸ፤ ተኝቶ አደረ። አንድም ሰው ስለ ሬዲዮ አላነሳም፤ አዲስ አበባ ላይ ማን እንደታሰረ፣ ማን እንደተሾመ ያን ሰሞን ግቢያችን አያውቅም።

የፍልሰታ ዋዜማ ላይ አጥሩ ሥር ጠራኝ። ፀጉሩን ተላጭቷል፤ ጥቁር ጨርቅ ክንዱ ላይ አስሯል። ዓይኑ ግን ነጭ ነው። እንዲያ የጠራ ዓይን እንዳለው ረስቼው ነበር።

«እትዬ ፈንታዬ ነገሩኝ» አለ። «አባትሽን ለምነሽ መርዶዬን ያስነገርሽ አንቺ ነሽ አሉ።»

«እኔ ነኝ።»

«ሐዘንተኛ ሽማግሌ እንደማይልክ እያወቅሽ?»

«እያወቅሁ።»

«ነገ የአጅባሮቹ እንደሚመጡ እያወቅሽ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ለምን አልጣሽ? ለምን አደረግሽው?»

«እንድትተኛ።»

አጥሩን በሁለት እጁ ያዘ። የጠገነው ቦታ ነበር፤ እጁ አያልፍም። «በእናቴ ሞት እምላለሁ» አለ፤ «ዓመት ይሁን፣ አሥር ዓመት ይሁን፣ አንቺን ካላገኘሁ...»

«አትማል» አልኩት። «ሐዘንተኛ አይምልም። ግባና ተኛ፣ አብሽር።» ፊቴን አዙሬ ሮጥኩ። ጓዳ ገብቼ ጎታው ላይ ተደግፌ፣ ከጣውንቴ ጋር ጎን ለጎን፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሁለታችንንም ትቶን ሊቀር ነው።

በማግስቱ በዓሉ ዋለ። ጾም ተፈታ፤ የአጅባር ሽማግሎች በቀጠሯቸው ደረሱ። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ጭራቸውን ይዘው፣ ጫማቸውን ጠርገው ገቡ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ መሬት መሬት አያለሁ። የእኔ የነበረ ነገር ሁሉ ከእጄ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር።

«እንደተባባልነው ቀጠሯችንን አክብረን መጥተናል» አሉ ሽማግሌያቸው። «እንግዲህ መሪጌታ ቁርጡን ይንገሩን።»

አባቴ ከውስጠኛው ክፍል ወጡ። በመጋረጃው ቀዳዳ ሳያቸው ደነገጥኩ። የበዓል ቀን ነው፤ መሪጌታ ናቸው፤ ግን ጋቢያቸው ተዘቅዝቋል። ወንበሩን አልፈው ሄደው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ለልፋታችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ። «ቀጠሮ ሳጥፍ የመጀመሪያዬ ነው። ቤቱ ሐዘን ላይ ነው። ሐዘን ባለበት ቤት የጋብቻ ነገር ማንሳት ነውር ነው።»

ሽማግሎቹ በድንጋጤ ተነስተው ቆሙ። «እግዜር ያጥናዎ መሪጌታ! አልሰማንም እኮ! ማን ሞተብዎ?»

አባቴ ቀና አሉ።

«የልጄ አማት» አሉ።

አንደኛው ሽማግሌ እየተንተባተቡ፣ «የልጅዎ... ልጅዎ አግብታለች እንዴ?» አሉ።

«ዓመቱ ሲሞላ ታገባለች» አሉ አባቴ። «ወይዘሮ አሰጋሽ ይባላሉ፤ የቆቦ ሰው ናቸው። በደህና ጊዜ ቢሆን እኔ ዘንድ ሽማግሌ ልከው፣ እዚሁ እናንተ የተቀመጣችሁበት ይቀመጡ ነበር። እባካችሁ ተቀመጡና ነፍስ ይማር በሉልኝ።»

ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወግ አዋቂዎች ናቸውና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንድ በአንድ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ነፍስ ይማር» አሉ። እኔም መጋረጃው ጀርባ ተንበርክኬ፣ በነጠላዬ አፌን አፍኜ፣ በሕይወቴ አይቻቸው የማላውቃቸውን አማቴን እንደ ልጅ አለቀስኳቸው።